ምርኩዝ ብቻ ሲቆጠር



እንድናገር የተጠየቅሁት እምብዛም በማይታዩ በሽታዎች ለሚሠቃዩ ሰዎች መንግሥት ከበጀቱ የሥነ ልቦና ድጋፍ ስለሚሰጥበት ጉዳይ ነው። ርእሱን ለአንድ ወዳጄ ሳነብለት «ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት አይደለም ወይ? እኛ ገና ወባን መች ጨረስን?» አለኝ። ቀልዱን አልነበረም። በዚህ አዳራሽም በሆዱ እንዲሁ የሚል እንደማይጠፋ ስለማውቅ ከፈረንጅ አገር አልጀምርም። ከጓያ ልጀምር።

ጓያን የማያውቅ ጎንደሬ ያለ አይመስለኝም። ክረምቱ ሲወጣ ውኃ በጠገበው ዋልካ ላይ ይዘራል፤ ዝናብ ቢቀር በአፈሩ ርጥበት ብቻ ያድጋል። ጤፉ ሲከዳ፣ ሽምብራው ሲጠወልግ፣ ጓያ ቆሞ ይገኛል። ርካሽ ነው። ሽሮ ይሆናል፣ ክክ ይሆናል፣ ቂጣ ይጋገርበታል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ልጆች በእሸቱ ይበሉታል። በደግ ዘመን ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ማንንም አይጎዳም፤ ዛሬ ምሳ ላይ ሽሮ የበላችሁ አትደንግጡ። ክፉ ዘመን መጥቶ ለሁለትና ለሦስት ወር የቤቱ ዋና ምግብ ሲሆን ግን ኦዳፕ የሚባለው በውስጡ ያለ መርዝ ወደ እግር የሚሄደውን ነርቭ ይጎዳል። የትናንቱ ጎበዝ ቀን ሲያርስ ይውላል፣ ማታ ባቱን ቁርጥማት ይይዘዋል፣ ሲነጋ እግሩ እንደ እንጨት ግትር ይላል። ጉልበቱና ጉልበቱ እየተጋጨ፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ፣ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል። ከዚያ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም።

ይህ በሽታ በዓለም ሚዛን እምብዛም የማይታይ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከሕንድና ከባንግላዴሽ ውጭ ያሉ አብዛኞቹ ሐኪሞች በመጽሐፍ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቫፕኒያርካ በሚባል የእስረኞች ካምፕ ለአይሁድ እስረኞች ጓያ እየቀቀሉ ይሰጧቸው ስለነበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል፤ ምክንያቱን ለይቶ ያወቀው ከመካከላቸው የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነበር። ለአውሮፓ ይህ የጦርነት ታሪክ ነው። ለደምቢያና ለፎገራ ግን የቤት ታሪክ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በእነዚሁ ሁለት ወረዳዎች ቤት ለቤት ዞረው ያጠኑት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ከዚያ በኋላ፣ በዚያው አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በወሎ ደላንታና ዳውንት ድርቅ ገብቶ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው በጓያ ሽባ ሆነ፤ ዜናው በላንሴት መጽሔት ወጣ። መጽሔቱ ጽፎ ዘጋ፤ ሰዎቹ ግን እዚያው አሉ።

ወደ ነገሬ የሚያደርሰኝ እዚህ ላይ ያለ አንድ ጉዳይ ነው። ሐኪሞች የጓያን ሽባ በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ ከነጭራሹ መቆም አቅቶት የሚዳህ። መለኪያው ግልጽ ነው፤ ገጠር ያለ ጤና ባለሙያም ያለ መሣሪያ በዓይኑ ይለየዋል። ግን ልብ በሉልኝ፤ የሚቆጠረው ምርኩዝ ነው። ሰውየው ሌሊት ይተኛ አይተኛ፣ ሰው ፊት መውጣት ይፈር አይፈር፣ መኖሩን ይጥላው አይጥላው የሚቆጠርበት ሳጥን የለም።

በገበያ ቀን ደምቢያ ውስጥ ቆላ ድባ ላይ ካገኘሁት ሰው ጋር የተጨዋወትነውን ልንገራችሁ። ሁለት ምርኩዝ ይዟል፤ የምርኩዞቹ ጫፍ ከጎማ በተቆረጠ ቁራጭ ተጠቅልሏል፣ ድንጋይ ላይ እንዳያንሸራትተው። ዕድሜው ከአርባ አይበልጥም፤ የታመመው ግን ገና ጢም ሳያወጣ ነው። ስለ እግሩ ጠየቅሁት። ስለ እግሩ ብዙም አላወራኝም፤ ለምዶታል። የነገረኝ ስለ እናቱ ነው። «እማዬ እስከ ዕለተ ሞቷ ጓያ ያበላሁህ እኔ ነኝ እያለች ታለቅስ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሌላ ምን ልታበላኝ ኖሯል እያልሁ እቆጣት ነበር። አሁን ተቆጥቻት በመሞቷ እተክናለሁ» አለኝ። ሐኪም ቤት ሄዶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። አዩኝና መድኃኒት የለውም፣ በቃ ወደ ቤትህ ግባ አሉኝ። ገባሁ» አለ።

«ገባሁ» ብሎ ሲያበቃ ሳቀ። ሳቁን በሌላ ነገር ልተረጉመው አልፈልግም።

የጓያ ሕመም ጠባዩ ለየት ያለ ነው። አይገድልም። እየባሰም አይሄድም፤ ጉዳቱ አንዴ ከደረሰ በዚያው ይቆማል። አእምሮው ሙሉ ነው፣ የሰውነቱ ስሜት አልደነዘዘም፣ ዕድሜውም አያጥርም። ከሴት ይልቅ ወንድን፣ ከሽማግሌ ይልቅ ወጣትን ያጠቃል። እንግዲህ አስቡት፦ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ማረስ የማይችል፣ ሚስት ማግባት የሚፈራ፣ ሃምሳ ዓመት ከፊቱ ያለ። በሽታውን ያመጣው ደግሞ አባቱ የዘራው፣ እናቱ የጋገረችው እህል ነው። ከቤቱ ውስጥ ማን ማንን ይውቀስ? በሽታው ከጓያው እንፋሎት ወይም ከገለባው የመጣ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ያኔ ደግሞ ወጥ ሠሪዋ ናት ተጠያቂዋ። ይህን ቋጠሮ በክኒን አትፈታውም፤ በወሬ ነው የሚፈታው፤ በሠለጠነ ሰው፣ በተመደበ ሰዓት፣ ተደጋግሞ በሚደረግ ወሬ።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የቆላ ድባው ሰው ምንም አልደበቀም። በሽታውን ተሸክሞ ሐኪም ቤት ድረስ ሄዷል፤ የጎደለው በሌላ ወገን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከመካከላቸው አንዱ ጎረቤታችን ፎገራ ነበር። ዛሬ በአማራ ክልል የመድህን ደብተር የሌለው ቤት የለም ብዬ አልከራከርም፤ ግን ገበሬው የመድህን ነገር ከእኛ ከከተሜዎቹ በተሻለ ገብቶታል። የድሃ ድሃ ተብለው ለተለዩት ወረዳውና ክልሉ መዋጮ ይከፍሉላቸዋል። ይህ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ አስቀድሞ የተሰበሰበ፣ ለማን እንደሚውል የተወሰነ። ጥያቄዬ ገንዘቡ ምን እንዲገዛ ተፈቅዶለታል የሚል ነው። ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ ወደ መድህን ጽሕፈት ቤቱ ሂሳብ ሲልክ የሚልከው የካርድ፣ የላቦራቶሪ፣ የመድኃኒት፣ የአልጋ ሂሳብ ነው። መድኃኒት የሌለው ሰው ሲመጣ ሂሳቡ ከካርድ ዋጋ አይዘልም። እንዲህ ያለ ታካሚ ለማንም ገቢ አያስገባም፣ ለማንም ወጪ አያስወጣም፣ በማንም ሪፖርት ላይ አይታይም። መዋጮውን እንደ ጎረቤቱ ከፍሏል፤ ጎረቤቱ በወባ ሲታመም መርፌና ክኒን ያገኝበታል፣ እሱ ግን «በቃ ግባ» የሚል ቃል ብቻ ያገኝበታል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ የምሽቱ ነገሬ እሱ ነው። መድኃኒት ለሌለው ሕመም የምክር አገልግሎቱ፣ የእግር እንቅስቃሴ ሥልጠናው፣ ከቤተሰብ ጋር መነጋገሩ የሕክምና ማጀቢያ አይደለም፤ ሕክምናው ራሱ ነው። መድህኑ የሕክምና ዋጋ እከፍላለሁ ብሎ ውል ከገባ ይህንንም የመክፈል ግዴታ አለበት። የምጠይቀው በጎ አድራጎት አይደለም፤ ውሉ እንዲፈጸም ነው።

ወዳጄ ያነሳውን የወባ ጥያቄ አልረሳሁትም። ከባድ ጥያቄ ነው፣ በቀልድ የሚታለፍም አይደለም። እናት በወሊድ በምትሞትበት አገር ለምክር አገልግሎት ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍራል የሚል ሰው ተሳስቷል አልልም። ግን ታሪካችንን እንይ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የገባው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ ነው። ጤና መኮንኖቹ፣ የኮሙኒቲ ነርሶቹና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎቹ በቡድን ሆነው የሚሠለጥኑት ገጠር ወርደው ነበር፤ ቆላ ድባ ከማሠልጠኛዎቹ አንዷ ነበረች። ያን ጊዜም «ለገጠር ጤና ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ማለት ይቻል ነበር። ግን ሐሳቡ ተቀመጠ፣ ሰውም ሠለጠነ። አሁን ደግሞ ሰው ሠልጥኖ እየተቀመጠ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን የሥነ አእምሮና የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሎች አሉት፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያስመርቃል፤ በማህበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ወደ ገጠር የሚወጡ ሠራተኞች አሉት። የጎደለው እነዚህን ሰዎች ከደምቢያው ሰው ጋር የሚያገናኝ የበጀት መስመር ነው።

አንድ የምፈራው ነገር ደግሞ አለ። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ በበሽታ ስም ይታሰር ይሆናል። ይህን በጽኑ እቃወማለሁ። በዓለም ላይ እምብዛም የማይታዩ ተብለው የተመዘገቡት በሽታዎች ወደ 7,000 ይደርሳሉ፤ የያዛቸው ሰዎች ደግሞ ሲደመሩ ከ300 ሚሊዮን በላይ ናቸው። አውሮፓ ከ2,000 ሰው ከአንድ በታች የሚይዘውን እምብዛም የማይታይ ትለዋለች። እኛ እንዲህ ያለ ዝርዝር አውጥተን፣ ለእያንዳንዱ ስም በጀት ብንመድብ፣ ስም ያልወጣለት ሰው ከመጀመሪያውኑ ይቀራል። እዚህ ደግሞ ብዙው ስም የሌለው ነው። ጡንቻው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመነምን ልጅ፣ ቆዳው በነካው ሁሉ የሚቆስል ሕፃን፣ የዘር ምርመራ ናሙናው ውጭ አገር መሄድ ያለበት ቤተሰብ ከጃናሞራ ተነሥቶ ጎንደር ሲደርስ «ምን እንደሆነ አናውቅም» ተብሎ ይመለሳል። ያልታወቀ በሽታ የያዘው ሰው ከታወቀው የበለጠ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ ቢያንስ የጓያው ሰው ምን እንደያዘው ያውቃል። ስለዚህ ገንዘቡ በሰው የኑሮ ሁኔታ ይታሰር፦ የዘለቀ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለበት፣ የሚፈውስ መድኃኒት ያልተገኘለት፣ እሱና አስታማሚው። አስታማሚውን አደራ። በኛ አገር በሽተኛ ብቻውን አይታመምም፤ እኅቱ ከትምህርት ቤት ቀርታ ትታመማለች።

ይቻላል ወይ ላላችሁኝ፣ ተችሎ ያየሁት ከዚሁ ከክልላችን ነው። በአዊ ዞን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር ሆነው እግራቸው ለሚያብጥ ሰዎች፣ ለዝሆኔና ለሥጋ ደዌ ተጠቂዎች አንድ ወጥ እንክብካቤ በመደበኛው ጤና ጣቢያ ውስጥ አስገቡ። እግር ማጠብና ቅባት መቀባት ከሥነ ልቦና ድጋፍ ጋር በአንድ ጥቅል፣ በዚያው ባለሙያ እጅ። ለብቻው የተሠራ ክሊኒክ፣ በር ላይ «የአእምሮ ሕክምና» የሚል ሰሌዳ የለም። ውጤቱ ሲታይ የድባቴ ምልክቱም መገለሉም ቀንሷል። ለምን ሁለቱን አንድ ላይ እንዳደረጉ የሚያስረዳ ሌላ ጥናት አለ፤ በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሥራት የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ካለባቸው ሰዎች 12.6 በመቶው የድባቴ ምልክት ሲታይባቸው ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው የታየው በ0.7 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። ቀዬው አንድ፣ ድህነቱ አንድ፣ ልዩነቱ እግር ነው።

ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ የሚለውም አያዋጣም። ዚምባብዌ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ሰው እየመጣ ያወራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እነዚህ አያቶች ሕሙማኑን በእርግጥ እንደረዱ አሳየ። እኛ አያት አጥተን አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የሥራ ጥቅል ውስጥ የአእምሮ ጤና ከገባ ቆይቷል፤ በወረቀት ላይ። የነፍስ አባት የሚባል ሰው ደግሞ በየቤቱ አለ፤ ቤተሰቡ በሐኪም ፊት የማይለውን ለእሱ ይላል። ጠበል የሚሄደውን ሰው «ጠበሉን ተው» ብሎ የሚጀምር የምክር አገልግሎት ከበሩ ላይ ይወድቃል። ቄሱ ከጠበሉ መልስ ወደ ጤና ጣቢያው እንዲልኩት፣ ባለሙያው ደግሞ ጠበሉን እንዳይነቅፍ፣ ሁለቱን አንድ ቀን አቀማምጦ ቡና ማጠጣት ብዙ ብር አይፈልግም። ቡናውን ማን ይክፈል ብላችሁ እንዳትከራከሩ ብቻ።

አንድ ነገር ግን ብር ይፈልጋል፤ እሱም ጊዜ ነው። የሠለጠነ የሥነ አእምሮ ነርስ በወር የተወሰኑ ቀናት ከጎንደር ወጥቶ ቆላ ድባ፣ ዳባት፣ ደባርቅ እየተገኘ ጤና ጣቢያ ያሉትን ባለሙያዎች እንዲያግዝ ውሎ አበልና መጓጓዣ ያስፈልገዋል። ይህ ሲቀር ሥልጠናው አንድ ሰሞን ሞቅ ብሎ ይበርዳል። አይተነዋል። ደባርቅና ዳባት ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚል ጃኬት የለበሰ ሠራተኛ ያልገባበት ጊዜ አልነበረም፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ጃኬቱም አብሮ ሄደ። ለእርዳታ ሰጪው መጥፎ ማለቴ አይደለም፤ በችግር ጊዜ ደርሷል። ግን የሃምሳ ዓመት ሕመም በአሥራ ስምንት ወር ፕሮጀክት አይታቀፍም። የወረዳ በጀት ድሃ ቢሆንም በየዓመቱ ሐምሌ ተመልሶ የሚመጣ ነው። ለዚህ ነው ከመንግሥት በጀት የምለው።

ዓለም አቀፉም ነገር ከእኛ ጋር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2021 እምብዛም የማይታይ በሽታ ስላለባቸው ሰዎችና ስለ ቤተሰቦቻቸው ለብቻው የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በግንቦት 2017 ዓ.ም. እንደ እኛ አቆጣጠር ጉዳዩን የዓለም ጤና ቅድሚያ ነው ብሎታል። ይህን የምጠቅሰው ለማሞገስ አይደለም። ለወረዳ ምክር ቤት አባል «ዓለም እንኳ ተቀብሎታል» ማለት አንዳንዴ ይጠቅማልና።

ምን እንዲደረግ ነው የምትፈልገው ብትሉኝ፣ ትንሽ ነው። ጤና ጣቢያው ለመድህን በሚልከው የሂሳብ ቅጽ ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል አንድ መደብ ይግባ፤ የአንድ ቀጠሮ ዋጋም ይተመን። ዋጋው ከአንድ መርፌ ባይበልጥ ግድ የለኝም፤ ቁጥር ይኑረው እንጂ። ዋጋ ያለው ነገር ሪፖርት ይሆናል፣ ሪፖርት የሆነው ዕቅድ ውስጥ ይገባል። በአማርኛ የተሞከረው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ ውጤት የጓያው ሰው ካርድ ላይ ከምርኩዙ ቁጥር ጎን ይጻፍ። ጓያ የሚዘራባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ድርቅ ሲያሰጋ የእህል እርዳታ ቀድሞ እንዲደርሳቸው ይደረግ፤ ይህ ከሥነ ልቦና ውጭ ነው ካላችሁኝ እሺ፣ ውጭ ይሁን፣ ግን ይድረስ። የሚቀጥለው ሽባ እንዳይኖር ማድረግ ከሁሉ ይበልጣል። ጓያን ከሌላ እህል ጋር አደባልቆ መብላት፣ ከቂጣና ከንፍሮ ይልቅ በቅመም የተሠራ ሽሮ የተሻለ መሆኑ፣ ይህን ሁሉ ለገበሬው ማስረዳት የጤና ኤክስቴንሽኗ ሥራ ነው፤ ስታስረዳ ግን እናቲቱን እንደ ጥፋተኛ እንዳታያት እሷም መሠልጠን አለባት።

የሚቀጥለው ዓመት የወረዳ ዕቅድ የሚረቀቀው በእነዚህ ወራት ነው። ከመድህን ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች ከፊት ተቀምጣችኋል። ለጥያቄና መልሱ መድረኩ ክፍት ነው፤ ከእኔ በፊት እናንተ ብትናገሩ፣ ያ መደብ በቅጹ ላይ እንዳይገባ የሚከለክለው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ብትነግሩን ደስ ይለኛል።